ከኋላ ማን ይቀመጣል?

ጎረቤቶቼ፣ እማማዎች፣ ጋሼዎች፣ ልጅ ታቅፋችሁ በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ እናቶች፣ መቀመጫ አጥታችሁ ግድግዳ የተደገፋችሁ አባቶች፣ ወንበር አልበቃም ብላችሁ አትቀየሙ፤ የዛሬው ጉዳያችን ራሱ የወንበር አለመብቃት ነው።

የጋበዙኝ የዚሁ የለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ወላጆች ናቸው። «ሦስት ልጅ በአንዲት ትንሽ መኪና እንዴት እንደምታስሪ ንገሪን» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። መሐንዲስ አይደለሁም፤ ሐኪምም ትራፊክ ፖሊስም አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ብዙዎቻችሁን የማውቃችሁ በትከሻና በወገብ ልካችሁ ነው፤ አይዟችሁ፣ ቁጥሩን እዚህ አልናገርም። «ታዲያ ምን አስባችሁ ነው እኔን?» ብላቸው፣ «ባለፈው ክረምት ሜትር አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ የሰው መኪና ውስጥ ስትገቢ ስትወጪ አይተንሻል» አሉኝ። አልዋሹም። የራሴን ለክቼ ሲሳካልኝ ጎረቤት ጠራኝ፤ ከዚያ የጎረቤት ጎረቤት። እስከ ዛሬ አሥራ አራት መኪና ለክቻለሁ።

ስለዚህ ርዕሴ ይህ ነው፤ ሦስት ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ፣ እኛ በምንነዳት ዓይነት መኪና ውስጥ፣ ሦስት የልጅ ወንበር ከኋላ ጎን ለጎን ማሰር ይችላል ወይ? መልሱን አሁኑኑ ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። የሚቸግረው ሌላ ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ እደርስበታለሁ። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ልጅን ታቅፎ መሄድ ለምን አይበቃም። ሁለተኛ፣ ሦስቱ ወንበሮች እንዴት ይገባሉ። ሦስተኛ፣ ሦስቱ ከገቡ በኋላ ከመኪናው ማን ይወርዳል። ወንበሩን «ካር ሲት» እያልኩ ነው የምጠራው፤ ባለሱቁም እናንተም የምትሉት እንዲያ ስለሆነ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። እዚህ ካለነው አብዛኞቻችን ያደግነው በአንቀልባ ነው። አንቀልባ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ልጁ ከእናቱ ጀርባ ጋር አንድ አካል ይሆናል፣ እሷ ስትዞር ይዞራል፣ ስትጎነበስ ይጎነበሳል። ዋናው ምስጢሩ ግን እናቲቱ በራሷ እግር መሄዷ ነው። መኪና ውስጥ ስትገባ የምትሄደው እሷ መሆኗ ይቀራል፤ የሚሄደው መኪናው ነው፤ መኪናው ሲቆም እሷ ገና እየሄደች ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብዙ አይደለም፤ ከጀሞ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ስትወርዱ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሳታስቡት ታልፉታላችሁ። ከ10 ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት ያው 50 ነው። 10 ሜትር የኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ስትሄድ የነበረች መኪና ተጋጭታ በግማሽ ሜትር ውስጥ ብትቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት እጃችሁ ላይ 200 ኪሎ ያህል ሆኖ ወደ ፊት ይሳባል። 200 ኪሎ ሁለት ኩንታል ነው። ሁለት ኩንታል ጤፍ በክንዷ አቅፋ የምታስቀር እናት ካለች እጇን ታውጣ። አየሁ፤ ማንም የለም። ጉዳዩ የፍቅር ማነስ አይደለም፤ የክንድ ጉዳይ ነው።

«እኔ እኮ ልጁንም እኔንም በአንድ ቀበቶ ነው የማስረው» የሚል አለ። ይህ ይብሳል፤ ግጭት ሲመጣ ቀበቶው የእናትየውን ክብደት ሁሉ ልጁ ላይ ይጭነዋል። ፊት ለፊት፣ ከሹፌሩ ጎን፣ ሕፃን ታቅፎ መቀመጥ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። ኤር ባግ የተሠራው ለአዋቂ ደረት ነው፤ ሲፈነዳ በእቅፍ ያለውን ልጅ የሚያገኘው ከጭንቅላቱ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ ያደረገ ካር ሲትም ኤር ባጉ በሚሠራ የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይቀመጥም። በዚህች ነጥብ ላይ ድርድር የለኝም።

ወደ ኋላ መዞር ያልኩት እንግዳ የሚሆንበት ሰው ይኖራል። ባለቤቴም «ልጁ መንገዱን ሳያይ?» ብሎኝ ነበር። ነገሩ የመጣው ከስዊድን ነው። በርቲል አልድማን የሚባሉ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያውን ሲሞክሩ ሐሳቡን ያገኙት ከጠፈርተኞች መቀመጫ ነው ይባላል፤ ጠፈርተኛው ጉልበቱን የሚቀበለው በጀርባው ሙሉ ነው፣ በአንገቱ አይደለም። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠናም። ፊቱን ወደ ኋላ ካደረገ ግጭቱን የሚሸከምለት የወንበሩ ጀርባ ነው። አዲሱ የአውሮፓ መለኪያ ልጁ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ወደ ኋላ እንዲዞር ያስገድዳል፤ ወንበሩ እስከፈቀደ ድረስ ከዚያ በላይ ማቆየትም መልካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው ይላል። ከበሽታ ሁሉ በላይ ማለቱ ነው። ይህን ካልኩ የመጀመሪያውን ነጥብ ዘጋሁ።

ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙያዬም እዚሁ ላይ ነው።

መኪናችን ቪትዝ ናት። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ ዱባይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረላት፣ ከልጆቼ ሁሉ የምትበልጥ መኪና ናት። ለምን አትለውጧትም የሚለኝ ሰው የ2012ቱን የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያስታውስ፤ ሰባት ዓመት ያለፈው መኪና ሲገባ ታክሱ እስከ 500 በመቶ እንዲደርስ አድርጎ ነበር። ስለዚህ ያለችን ናት ያለችን። ልጆቼ ሦስት ናቸው፤ ትልቋ ስድስት ዓመቷ፣ መካከለኛው ሦስት ተኩል፣ ትንሿ ያኔ ስምንት ወሯ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁትን ስህተት ልናዘዝ። ልብስ ሰፊ ሆኜ ሳልለካ ገዛሁ። ከአንድ ሱቅ ሁለት ትልልቅ፣ ክንፍ ያላቸው፣ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳይቀር ያላቸው ወንበሮች ገዛሁ። ሻጩ «ይኼ ምቾት ነው እመቤት፣ ይኼ ሶፋ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሶፋ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ከዚያው ዓይነት አስመጣሁ። ቅዳሜ ነው፤ ዝናቡ ያካፋል፤ ባለቤቴ ጉልበቱን አንዱ ወንበር ላይ ተክሎ ቀበቶ ይስባል፤ እኔ ከወዲያኛው በር ሦስተኛውን እገፋለሁ። የቀኙ በር ተዘጋ ስንል የግራው ይከፈታል። የግራውን በዳሌዬ ስገፋ የመሃሉ ወንበር እንደ ቦካ ሊጥ ብድግ ይላል። መካከለኛው ልጄ ጃንጥላ ይዞ ቆሞ «እማ፣ እኔ ልቅር» አለኝ። ያን ቀን ሁላችንም ቀረን።

ማታ ላይ ነው ሜትሩን ያነሳሁት። የመኪናዬ የኋላ መቀመጫ ከበር እስከ በር 128 ሴንቲ ሜትር ነው። የገዛኋቸው ወንበሮች እያንዳንዳቸው በሰፊው ቦታቸው 48 ናቸው። 48 ሲደመር 48 ሲደመር 48፣ 144። 16 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ጨርቅ በየትኛው ስፌት ነው የማሳንሰው? ይህን ከመግዛቴ በፊት ማወቅ እችል ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፤ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ከብሩ በፊት ሜትሩን ያዙ። ባለሱቁ ስለ ምቾት ሲነግራችሁ እናንተ ስለ ስፋት ጠይቁ። ለሦስት ልጅ ቤት ውበቱ ቅጥነት ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ቀሚስ ስሰፋ ትከሻን፣ ወገብንና ዳሌን ለየብቻ ነው የምለካው። ሰው እንደ ሳጥን ከላይ እስከ ታች እኩል አይደለም። ካር ሲትም እንደዚያው ነው። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ከታች የሚያርፍበት ወገቡ ይጠባል። ትከሻው የሚገኘው ደግሞ እንደ አዟዟሩ ነው። ፊቱን ወደ ፊት ያደረገ ወንበር ትከሻው ከመኪናው መደገፊያ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ፊቱን ወደ ኋላ ያደረገው ግን ትከሻው ወደ ፊት፣ ወደ ሹፌሩ በኩል ይወጣል። ገባችሁ? ሦስቱን በአንድ አቅጣጫ ስትደረድሯቸው ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ፤ ቅዳሴ ላይ በአንድ አግዳሚ ወንበር የተቀመጡ ሦስት ወፋፍራም ሰዎች ይሆናሉ። የመሃለኛውን ወደ ኋላ ካዞራችሁት ግን የእሱ ትከሻ ከሁለቱ ትከሻ ፊት ያልፋል። እንደ ሁለት እጅ ጣቶች ይጋጠማሉ። የሠራልኝ ይኸው ነው።

እንዴት እንደደረደርኳቸው በዝርዝር ልናገር፤ አንዳንዶቻችሁ ስልካችሁን አውጥታችሁ ስትጽፉ አያለሁና። የቪትዛችን የመሃል ቀበቶ ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው፤ ትከሻ የለውም። ይህች ትንሽ ነገር ሁሉን ወሰነችው። ምክንያቱም ቡስተር የሚባለው፣ ትልቁን ልጅ ከፍ አድርጎ የመኪናውን ቀበቶ የሚያስተካክልለት መቀመጫ፣ በወገብ ቀበቶ ብቻ አይሆንም፤ የትከሻው ቀበቶ የግድ ነው። ስለዚህ ትልቋ መሃል መቀመጥ አትችልም። መሃል የሚቀመጠው የራሱ ማሰሪያ ያለው፣ መመሪያውም በወገብ ቀበቶ ማሰር ይቻላል የሚል ወንበር ብቻ ነው። ያ ወንበር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለችው እህቴ መጣልኝ፤ 43 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ቀጭን፣ እንደ ብረት ምጣድ የከበደ። ትንሿ ፊቷን ወደ ኋላ አድርጋ መሃል ተቀመጠች። ወንበሯ በሁለቱ የፊት መቀመጫዎች መካከል ስለሚገባ የባለቤቴንም የእኔንም ጉልበት አልነካም።

መካከለኛው በቀኝ በኩል፣ ፊቱን ወደ ፊት፣ 46 ሴንቲ ሜትር በሆነ ወንበር። በቀኝ ያልኩት እኛ አገር መኪና የሚቆመው በቀኝ ጠርዝ ስለሆነ ነው፤ ያን ወንበር ለማሰር አንድ አዋቂ በር ከፍቶ መጎንበስ አለበት፣ ጀርባውን ለአስፋልቱ ሰጥቶ መጎንበስ የለበትም። ትልቋ በግራ፣ መደገፊያ በሌለው 41 ሴንቲ ሜትር ቡስተር። ስትገባም በቀኙ በር ከሁሉ በፊት ገብታ ወደ ቦታዋ ትሻገራለች። ደምሩት፤ 43 እና 46 እና 41፣ 130። መኪናው 128 ነው። በወረቀት አይገባም። ነገር ግን ገባ፤ ትከሻና ወገብ ስለተጋጠሙ።

አንድ ችግር ግን ቀርቶ ነበር። የትልቋ ቀበቶ መቆለፊያ ከጎኗ ባለው ወንበር ሥር ተደበቀ፤ ትንሽ እጇ አልደርስ አለው። ቡስተሩን ሁለት ጣት ያህል ወደ በሩ ገፋሁት፤ መቆለፊያው አንገቱን አወጣ። አሁን «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ካልሰማሁ መኪናው አይነሳም ብያታለሁ፤ እሷ ደግሞ አባቷ ላይ ዘበኛ ሆናለች።

እዚህ ላይ አዳዲስ መኪና ያላችሁ «እኛ አይሶፊክስ አለን» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በመደገፊያውና በመቀመጫው መካከል ጣታችሁን ስትከቱ ካር ሲቱ በቀጥታ የሚቆለፍባቸው ሁለት የብረት ዘንጎች ታገኛላችሁ፤ በመካከላቸው 28 ሴንቲ ሜትር አለ። ለአንድ ወይም ለሁለት ልጅ ግሩም ነው። ለሦስት ግን ሲቸግር አይቻለሁ፤ ብረቱ የተበየደበት ቦታ አይንቀሳቀስምና ወንበሩን ወደ በሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ልግፋው ብትሉ እምቢ ይላል። በቀበቶ ያሰራችሁት ግን ይገፋል። እኔ ለሦስት የማምነው ቀበቶን ነው፤ በትክክል ከታሰረ አያሳፍርም። አብዛኛው መኪና ደግሞ መሃል ላይ አይሶፊክስ የለውም፤ ከግራ አንድ ዘንግ ከቀኝ አንድ ዘንግ ተበድሮ መሃል ማሰር መመሪያው ካልፈቀደ ክልክል ነው።

ቀበቶውን ግን ፈትሹት። የዳር ቀበቶን እስከ መጨረሻው ሳቡትና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ሲመለስ ቀጭ ቀጭ እያለ ከገባ፣ መልሳችሁ ስትስቡትም እምቢ ካለ፣ ያ ቀበቶ ካር ሲት ማሰር ያውቃል። እንደ ልቡ የሚለቅ ከሆነ፣ በተለይ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ወንበር ከሆነ፣ «ኤች» ቅርጽ ያላት የብረት መቆንጠጫ ያስፈልገዋል። አሜሪካኖቹ ወንበሩን የሚሠሩት የአገራቸው ቀበቶ ራሱን እንደሚቆልፍ አስበው ነው። ወንበሩ ሻንጣ ውስጥ ሲገባ ያ ሐሳብ አብሮ አይመጣም።

ካሰራችሁ በኋላ፣ ወንበሩን ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ያዙትና ወዝውዙት። ከሁለት ጣት ውፍረት፣ ማለትም ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ላልቷል። ጉልበታችሁን አስገቡና እንደገና ሳቡ። የልጁን ማሰሪያ ደግሞ ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሩ፤ እጥፋት ከያዛችሁ አሁንም ላልቷል። ወደ ኋላ ለዞረ ልጅ ማሰሪያው ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ብሎ ይውጣ፤ ወደ ፊት ላየ እኩል ወይም ከፍ ብሎ።

እናቶች፣ አሁን የምናገረውን አትቀየሙኝ፤ ልጅን በጋቢ ጠቅልሎ ማሰር ቀርቷል። ጋቢውም ወፍራሙም ጃኬት በግጭት ጊዜ ይጨመቃል፤ ጥብቅ የመሰለው ማሰሪያ በዚያች ቅጽበት እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኖረዋል። በሐምሌ ብርድ ልጁን በስስ ልብስ እሰሩት፣ ከዚያ ጋቢውን ከላይ አልብሱት። ጋቢው አይከለከልም፤ ቦታው ብቻ ነው የሚቀየረው። ይህን የምላችሁ ጋቢ ሸጬ የምበላ ሴት ነኝ።

ያገለገለ ወንበር ለምትገዙ በአጭሩ፤ ግጭት ያየ ወንበር አይገዛም፤ ሻጩን የማታውቁት ከሆነ ደግሞ አታምኑት። ፕላስቲኩ ሥር የተቀረጸውን ቀን ገልብጣችሁ እዩ፤ ብዙዎቹ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ነው የሚያገለግሉት። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ክብ ውስጥ «ኢ» ፊደል ያለበት ብርቱካናማ ወረቀት ይኖረዋል፤ እዚያው ላይ በኪሎ ወይም በቁመት ለማን እንደተሠራ ተጽፏል። ወረቀቱ የተላጠ ወንበር ስሙን እንደደበቀ ሰው ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖችም ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስማችን መብራት ኃይል ሆኖ ኤሌክትሪክ መኪና ቢበዛብን አይገርምም። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ካለ ወዲህ ግቢያችን በአይዲ ፎር እና በቢዋይዲ ተሞልቷል። አይዲ ሲክስ የገዛው ጎረቤታችን ደግሞ ሦስተኛ ረድፍ ስላለው የዛሬው ንግግሬ አይመለከተውም፤ ለሻይ ነው የመጣው። አይዲ ፎር በውጭ ስፋቱ 185 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ የእኔ ቪትዝ 170 አትሞላም። ግን ሰፊ መኪና ሁሉ ሰፊ ወንበር የለውም። የመሃሉ መቀመጫ እንደ ኮርቻ ከፍ ብሎ የተሠራ መኪና ለክቼ፣ ቪትዝ ላይ የገቡት ሦስቱ ወንበሮች እዚያ እምቢ ብለውኛል። እናም ባለ አዲሶቹም ሜትሩን አትናቁት።

መኪና የሌላችሁ፣ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ ረዳቱ በሚጠራው ሚኒባስ የምትሄዱ፣ ዛሬ የተናገርኩት የእናንተን ልጅ እንደማያድን አውቃለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ለእናትየዋም ቀበቶ የለ። ያ ለመንግሥትና ለታክሲ ማኅበራት የሚቀርብ ሌላ ንግግር ነው፤ የሚናገረው ሰው ስታገኙ ጥሩኝ፣ ከፊት ነው የምቀመጠው።

ሦስተኛው ነጥብ፤ ማን ይወርዳል?

አሜሪካ ውስጥ ጆርዳን ኒከርሰን እና ዴቪድ ሰለሞን የሚባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ጥናት አወጡ። ሕጉ ልጆች እስከ ስምንት ዓመት ድረስ በካር ሲት ይታሰሩ ሲል፣ ሁለት ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ሦስተኛውን መውለድ ተዉ ይላሉ፤ ሦስት ወንበር ከኋላ ስለማይገባ፣ ትልቅ መኪና ደግሞ ውድ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ ሕጎቹ 57 ልጆችን ከሞት ሲያድኑ፣ 8,000 ልጆች ሳይወለዱ ቀርተዋል ብለው ገምተዋል። ግምቱን የሚከራከሩበት ይከራከሩበት። እኔን ያሳቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ በሠርጋችን ላይ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው የመረቁን ሽማግሌዎች የቪትዝን የኋላ መቀመጫ አልለኩም።

እህቴን ስጠይቃት፣ እዚያ ያሉ አበሾች ሦስተኛ ሲመጣ ኮሮላውን ሸጠው ቫን ይገዛሉ አለችኝ። ብዙ ሆስፒታሎችም አራሷ ካር ሲት ካልያዘች ሕፃኑን አያሰናብቱም። እዚያ መኪናው የአባት፣ የእናትና የልጆች ነው። እኛ ጋ ግን እንዲህ አይደለም። እኛ ጋ መኪና ያለው ሰው የዘመዱ ሁሉ መኪና ያለው ነው። ልቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፣ የሰፈር እናት ከገበያ ስትመለስ «ግቢ፣ እማማ» ማለት አለ። የኋላው ወንበር ባዶ ሆኖ ማለፍ ነውር ነው። ሞግዚቷም አለች፤ አያትም አለች።

አሁን አስቡት። ፊት ባለቤቴና እኔ፤ ኋላ ሦስት ካር ሲት። ለአማቴ ቦታ የለም። አማቴ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ትንሿን ታቅፈው ነበር የሚሄዱት። የመጀመሪያው እሁድ ወንበሮቹን አይተው ቆሙ። መቋሚያቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ የመኪናውን የኋላ በር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ «እኔን በፕላስቲክ ለወጣችሁኝ?» አሉ። እውነቴን ነው፣ እስከ ዛሬ ከቀረበልኝ ጥያቄ ሁሉ ይህ ይከብዳል። ስለ ሁለቱ ኩንታል ነገርኳቸው። «እኔ ሰባት ልጅ አቅፌ አሳድጌያለሁ፣ አንዱንም አልጣልኩም» አሉኝ። ሰባቱን ያሳደጉት ጎጃም ነው፤ በእግራቸውና በበቅሎ። ይህን አልመለስኩላቸውም፤ አማት ናቸው።

ያን እሁድ እኔ ወረድኩ። እሳቸው ፊት ተቀመጡ፣ ቀበቶ አሰርኩላቸው፣ ባለቤቴ ነዳ፣ እኔ በታክሲ ተከተልኩ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቀድሜያቸው ደርሼ ቆሜ ጠበቅሁ። አሁን ተራ አለን፤ አንድ እሁድ እኔ፣ አንድ እሁድ ባለቤቴ በታክሲ። ሞግዚታችን ትንሿን ይዛ የትም ስትሄድ የሚነዳው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሁለታችን አንሄድም። ለቅርብ ዘመድ ልቅሶ ሁላችንም መሄድ ሲኖርብን ራይድ እንጠራለን፤ ገንዘቡ ያማል፣ አይካድም። «እኛን ማድረስ ተውሽ» ያሉኝ አንድ እትዬ አሁን እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ዛሬ ምክንያቱን ሰምተዋል ብዬ አምናለሁ። ደግሞም ትልቋ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቡስተሩን ትለቃለች፤ በብዙ የአውሮፓ አገር ቁመቱ 135 ወይም 150 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ልጅ ነው የሚለቀው። ያኔ አንድ ቦታ ይከፈታል። እስከዚያ ግን መኪናዬ «የለም» ማለት ለምዳለች፤ እኔ ገና እየለመድኩ ነው።

አማቴ አልተቆጡም፣ አልተስማሙምም። ግን አንድ ነገር ያደርጋሉ። ፊት ከመቀመጣቸው በፊት የኋላውን በር ከፍተው፣ የትንሿን ማሰሪያ ትከሻዋ ላይ በሁለት ጣት ይቆነጥጣሉ። ያለፈው እሁድ «ላልቷል» አሉኝ። ስፈትሸው እውነትም ላልቶ ነበር።

ንግግሬን እዚህ ላቁም። ጥያቄ ያለው ሰው እዚህ ውስጥ አይጠይቀኝ፤ መልሱ ያለው ታች መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ሦስቱ ወንበሮች ቪትዟ ውስጥ እንደታሰሩ ናቸው፣ በሩን ከፍቼ ነው የመጣሁት። ሜትሩ አንገቴ ላይ ነው። መኪናችሁን ያመጣችሁ ቁልፋችሁን ያዙ፤ ከአይዲ ሲክሱ በስተቀር በተራ እለካለሁ።